ከሰሊጥ የምታንስ ቀለበት

ሰንሰለት ሠሪ ነኝ ስል ሰው የውሻ ሰንሰለት ይመስለዋል። ትንሽ አሰብኩ የሚለው ደግሞ የመርከብ። የሰዓት ሠሪውን የሎ ጓንን ሰዓቶች የሚያወድሱ ወንዶች ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ጎማው ጥርስ፣ ስለ ወርቁ፣ ስለ መዶሻው ሲያወሩ አርባ ዓመት ሰምቻለሁ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ፣ "የተጠመዘዘው ብረት ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያደርሰው በምንድን ነው?" ብሎ አልጠየቀም። በሰንሰለት ነዋ። አንድ ስንዝር በማትሞላ፣ ስድስት መቶ ቀለበት ባላት ሰንሰለት፤ እያንዳንዷ ቀለበት ከሰሊጥ ታንሳለች። የምሠራት እኔ ነበርኩ። በጉምሩኩ ሹም ግቢ የሆነውንም ዛሬ የሚተርኩት እነዚያው ወንዶች ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።

ንጉሠ ነገሥታችን ዳኦጓንግ በነገሡ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በአምስተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሁለት ተሸካሚዎች በሸክም ወንበር አስቀምጠውኝ በጓንግዡ ጠባብ መንገዶች እየሮጡ ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ድንጋዩን አሙልጮታል። ቅርጫቴን በሁለት እጄ ጭኔ ላይ ይዣለሁ።

"እህቴ፣ ምን ብትበዪ ነው እንዲህ የከበድሽው?" አለ የፊተኛው እያለከለከ።

"እኔ አይደለሁም፤ መስፌ ነው።"

"ልደት ቤት መስፍ ይዘሽ ምን ልታደርጊ?"

"የተሸካሚ ምላስ ልቀጠቅጥበት።"

የኋለኛው ሳቀ፣ ወንበሩም አብሮት ተንገዳገደ። እኔ አልሳቅሁም። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነጋዴው የታም አሽከር ከበራችን ደርሶ "ሰንሰለቷ ተበጠሰች" ብሎኝ ነበር። የትኛዋ ሰዓት እንደሆነች አልነገረኝም። የእኛዋ ከሆነች የሽማግሌው ሎ ጀርባ በቀርከሃ ይተለተላል፣ አንገታቸውም የእንጨት ቀንበር ውስጥ ይገባል፤ ሱቃችንም ይታሸጋል።

ነገሩ ከአራት ወር በፊት ነው የጀመረው። ታም ከሦስት ዓመት በፊት ከፈረንጆቹ መደብር ጥንድ የኪስ ሰዓት ገዝቶ ነበር። ሰማያዊ የመስታወት ቅብ፣ ዙሪያቸውን ሉል፣ ከለንደን የመጡ። ለጉምሩኩ ሹም ለስድሳኛ ልደታቸው ሊሰጥ አስቀምጧቸው ሳለ አንዷን ለጓደኞቹ ላሳይ ብሎ በሊቺ ዛፎቹ መካከል ባለው ኩሬ ጀልባ ላይ ያወጣታል። ጠጥቷል። ክዳኗ ተከፍቶ ሆዷ ኩሬው ውስጥ ገባ፤ የወርቅ ቤቷ ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ኩሬውን አስጠርጎ ከዓሣ በቀር ያገኘው የለም። ለሹም ልደት ደግሞ ስጦታ በጥንድ ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ ይዞ መቅረብ ሚስትህ ትሙት ብሎ እንደመመረቅ ነው። ሌላ ከለንደን ይምጣ ቢባል መርከቡ ሄዶ እስኪመለስ ዓመት ከመንፈቅ።

ስለዚህ ታም የጠፋችዋን ምትክ ሠርታችሁ ስጡኝ ሊል በጓሮ በራችን መጣ። ሽማግሌው ሎ የባለቤቴ አባት ናቸው። ባለቤቴ በንዳድ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሆኜ ከአማቴ ጎን በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰንሰለት እሠራለሁ። የአማቴ ግራ ዓይን ደመና ጀምሮት ነበር፤ ሙያውን ግን እጄን በእጇ ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ሎ የተረፈችውን ሰዓት ፈታትተው በእሷ ልክ ለባዶዋ የወርቅ ቤት ሆድ ሠሩ፤ ሰንሰለቷን እኔ ሠራሁ። በመጨረሻ የለንደኑን ፊደል ከናሱ ሰሌዳ ላይ እያዩ መቅረጽ ሲጀምሩ አጠገባቸው ቆምኩ።

"አባባ፣ ይሄ ሐረግ ምን ይላል?"

"ለንደን ይላል አሉ።"

"የእርስዎ ስምስ የታለ?"

"ሆዴ ውስጥ። ልጄ፣ ሰዓቷ ከሄደች የፈረንጅ ናት፤ ከቆመች የጓንግዡ ናት። ስሜን ብጽፍባት እየሄደችም ቆማለች ይሏታል።"

"የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ አባባ።"

"አያደምቅም፤ ያበላል ግን" አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

የሹሙ ግቢ ስንደርስ በጎን በር አስገቡኝ። ከግብዣው አዳራሽ በስተጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ የሐር መጋረጃ ማዶ፣ ታም በአዲስ ካባው ውስጥ እያላበው ይንጎራደዳል። ሎ የታምን ሰዓት የሚሞላ አሽከር መስለው መጥተዋል፤ ጥግ ላይ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ሰዓቶች በቀይ ሐር ላይ ተኝተዋል፣ አንዷ ሆዷ ተከፍቷል።

"የትኛዋ ናት?" አልኩ።

"የለንደኗ" አሉ ሎ በሹክሹክታ።

እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

"ምን ነክቷት ነው?"

"ጌታ ታም በጭንቀት ሦስት ጊዜ ሞላት።"

"እንዳትቆም ፈርቼ ነው" አለ ታም።

"በሬም ሦስት ጊዜ ቢያበሉት ይፈነዳል" አልኩት። "አሁን ከብርሃኑ ዞር ይበሉ።"

ሰንሰለቷ በተቀመጠችበት ቀንድ አውጣ በመሰለው ጎማ ሥር ነበር የተበጠሰችው። አንድ ቀለበት ሞታለች። ቅርጫቴን ፈታሁ፤ አውራ ጣት የምታህል መስፍ፣ መብሻ፣ ወረንጦ፣ ሞረድ። ትርፍ ቀለበቶች በሩዝ ገለባ ውስጥ ይዣለሁ። የሞተችውን አውጥቼ የእኔን አስገባሁ፣ ችንካሯን መታሁ፣ ዘይት ቀባሁ። ስጨርስ ከአዳራሹ የስጦታ አቅራቢዎች ስም ሲጠራ ተሰማ። ታም ሁለቱንም በሐሩ ጠቅልሎ ወጣ። ሎ ተከተሉት። እኔ መጋረጃው ስፌቱ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ዓይኔን ተከልኩ።

ሹሙ ሱቾንጋ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፊታቸው የልደት ፓስታና በኮክ ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ ተደርድሯል፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሰው ትተውታል። አንድ ነገር ሲያዩ ግን ይለወጣሉ፤ ሰዓቶቹን ሲያዩ እንደ ድመት ወደ ፊት ተሳቡ።

"ዌይ፣ ና እስቲ እያቸው።"

ዌይ የሚሉት መርማሪያቸው ነው። በቤጂንግ ቤተ መንግሥት የሰዓት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ የሚል፣ ያንንም ሰላም ከማለቱ በፊት የሚናገር። የስጦታውን መዝገብ የሚይዘውም እሱ ነው። ደረቱ ላይ የራሱን ሰዓት አንጠልጥሎ፣ እያወራ በየመሐሉ ይነካታል፣ እንዳልጠፋች ሊያረጋግጥ።

ሁለቱንም ከፈተ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ መልሶ የመጀመሪያዋን አየ።  

"ክቡርነትዎ" አለ ቀና ብሎ፣ "አንዷ እውነተኛ ናት። አንዷ የጓንግዡ ቅጂ ናት።"

የሎ ትከሻ ሲወርድ ከኋላቸው አየሁ።

"የትኛዋ?" አሉ ሹሙ።

"ይቺኛዋን ይመልከቱ። ሰንሰለቷ ወይቧል፣ መሐሉ ላይ የተጣፈች ቀለበት አለች። ለንደን ጥፍ ሰንሰለት አይልክም። ይቺኛዋ ግን" አለና የእኛዋን ብድግ አደረገ፣ "ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ የቁራ ክንፍ መስላ የምታብለጨልጭ። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ከተማ ተወልዶ አያውቅም። ይሄ የለንደን እጅ ነው።"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሳቅ ነበር የመጣብኝ። ከለንደን የመጣችውን የእኛ ናት አለ፤ የእኛዋን የለንደን። እኔ በጣፍኳት አንዲት ቀለበት!

ሹሙ ግን ወደ ታም ዞረዋል። "በልደቴ ቀን ግማሽ ውሸት ነው ያመጣህልኝ?"

ታም መሬት ላይ ተደፋ። "ክቡርነትዎ፣ ተታልዬ ነው። ይሄ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነው። እጠግናለሁ ብሎ ወስዶ... እሱ ነው የለወጠብኝ።"

ሎም ተንበረከኩ። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ምን ይበሉ? አልሠራሁም ቢሉ ውሸት ነው፤ ሠርቻለሁ ቢሉም የሚገረፉት ባልሠሯት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ብለው ነው የኖሩት፤ ዝምታ እንጀራቸው ነበር። ሁለት ወታደሮች ቀርከሃውን ይዘው ከጎን በር ሲገቡ ያ ዝምታቸው ሊገድላቸው መሆኑን አየሁ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

"ያ ሰውዬ ዕውር ነው" አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃምሳ ወንድ ይኖራል። አንዱ ዳቦ እንደጎረሰ ቀረ። ተንበርክኬ ግንባሬን ሦስት ጊዜ መሬት አስነካሁ፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ፣ መሃይም ነኝ እንጂ ባለጌ አይደለሁም።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ ዌይ።

"ፉንግ አኪዩ። የዚህ ሽማግሌ ልጅ ሚስት ነበርኩ። ያቺ የተጣፈች ቀለበት የእኔ ናት፤ እዚያ መጋረጃ ኋላ ተቀምጬ ቅድም ነው ያስገባኋት። ያቺ እንደ ቁራ ክንፍ የምታብለጨልጨው ደግሞ ሙሉዋ የእኔ ናት።"

"የእብድ ወሬ ነው" አለ ዌይ። "ክቡርነትዎ፣ ሴት ልጅ ይሄን አትሠራም። ወንድም አይሠራው።"

"አንድ ቀለበት ልሥራ፤ እዩኝ" አልኩ። "ከዚያ በመነጽሩ ያስተያያቸው።"

ሹሙ ዳቦውን ወደ ጎን ገፉት። ዓይናቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ የተዘጋ ሳጥን ሲያይ የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው። "ስንት ጊዜ ይበቃሻል?"

"ሩብ ሰዓት።"

"ዌይ፣ ያቺን እውነተኛ ነች ያልካትን አምጣ። በእሷ እንለካታለን።"

በራሴ ሰዓት ለኩኝ እንግዲህ። ከበረንዳው ብርሃን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ቅጠል ከሳሳ ብረት ቆርጬ በመብሻ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፣ ወገቧን እንደ ጉንዳን አቀጠንኩ። ቁራጩን በቀርከሃ ስንጣሪ ቆንጥጬ ሞረዴን በወርዷ ገፋሁ። በዙሪያዬ የወንድ ጫማ ተደረደረ፤ ሐር፣ ቆዳ፣ ሐር።

"ምን ይታይሃል?" ይላል አንዱ።

"ምንም። ባዶ ጣቷን ነው የምትሞርደው።"

"የያዝኩትንማ ብታየው አንተን መርማሪ ያደርጉህ ነበር" አልኩት ሳልቀና።

ሦስቱን ቅጠሎች ደራርቤ ችንካሩን መታሁ፣ በናስ ማንኪያ ላይ ከሩዝ ገለባ ጋር ከሻይ ማፍያው ፍም አስጠጋሁ። ቢጫ ሆነች፣ ቡናማ ሆነች፣ ከዚያ ያ የምጠብቀው ጥቁር ሰማያዊ ሲመጣ ቶሎ አነሳኋት። የሉል አዝራር በሚያህል ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ ለዌይ ሰጠሁት።

"ሦስት ደቂቃ ይቀራታል" አሉ ሹሙ ሰዓቷን እያዩ።

"ጭረቱን ይዩ፣ ጌታዬ" አልኩት ዌይን። "የለንደን ሰው ሞረዱን በቁመቷ ይገፋል። የእኛ ሰፈር ሴቶች በወርዷ እንገፋለን፤ በቀርከሃ ስለምንይዛት። ቢጠርጓት፣ ቢቀቧት አይጠፋም።"

አየ። ወደ እኛዋ ሰዓት ዞረ፤ አየ። ወደ ለንደኗ ዞረ፤ ረጅም ጊዜ አየ። መነጽሩን ሲያወርድ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"እ?" አሉ ሹሙ።

"እውነተኛ ካልኳት ጋር... ትመሳሰላለች።"

"ለእኔ ስጠኝ።" ሹሙ ራሳቸው መነጽሩን ሰኩ። ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፈተ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁ። "አንቺ ሴት፣ ሌላም ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሎ መሬት ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ነቀነቁብኝ፣ ዝም በይ ማለታቸው ነው።

"ካላየሁ አላውቅም" አልኩ።

ሣጥናቸውን አስመጡ። የኪሳቸውን፣ የጠረጴዛቸውን፣ ከሦስት ሹመት የሰበሰቡትን የፈረንጅ ሰዓት ሁሉ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። አንድ በአንድ ተከፈቱ። እኔ መነጽር አልፈልግም ነበር ያኔ። ይቺ ለንደን። ይቺም ለንደን። ይቺ ከእኛ ሰፈር፣ ከሆ ቤት፤ ሚስቱ ችንካር ስትመታ ታጣምማለች። ይቺን አላውቃትም። ይቺ የእኔ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አራቱ የእኛው መንገድ ልጆች ሆኑ። እንግዶቹ በየመክፈቻው "እህ" ይላሉ፤ ሹሙ ደግሞ ባገኙ ቁጥር ይገረማሉ እንጂ አይናደዱም። "ይቺ እኮ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አልዘገየችም" እያሉ ለራሳቸው ያወራሉ።

"የመርማሪውስ?" አልኩ።

ዌይ ደረቱን በእጁ ከለለ። "ይቺ ከቤተ መንግሥት ስወጣ የተሰጠችኝ ሽልማት ናት። ለንደን ናት።"

"ክፈታት" አሉት ሹሙ።

ከፈታት። ጎንበስ አልኩ። ጭረቱ በወርዷ። የችንካሮቹ ራስ ግን አልተሞረደም፤ እንደ ጤዛ ጠብታ ድብልብል ብሎ ቀርቷል። በሰፈራችን እንዲህ የሚተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

"የአማቴ ናት" አልኩ። "የቾይ ሲን። ግራ ዓይኗ ሳይታመም በፊት።"

ሎ ከመሬት ቀና አሉ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሹሙ ሁለቱን ሰዓቶች ቀይ ሐሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ሰው ብልህ ከሆነ ሹም ይሆናል፤ በጣም ብልህ ከሆነ ሹም ሆኖ ይቆያል። "ልደቴ ነው" አሉ። "በልደቴ ማንም አይገረፍም። ታም ጥንድ ሰዓት ከለንደን አመጣልኝ፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። ዌይ፣ እንደዚያ ጻፍ። ሽማግሌ፣ ተነስ፤ ፓስታ ስጡት።" ብለው ሣጥናቸውን አስይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄዱ። ሲሄዱም አንዷን ሰዓት ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር። የእኛዋን።

እንግዶቹ ለልደቱ ወደተዘጋጀው ትያትር ወጡ። ታም መቼ እንደጠፋ አላየሁም። ሎ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ጀርባቸውም ደህና ነው። "ልጄ፣ እንሂድ" አሉኝ። "ተርፈናል። እንሂድ።"

ዌይ ግን መዝገቡን ዘርግቶ ብሩሹን ቀለም እያስነካ ነበር። ፊት ለፊቱ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ቅርጫቴንም አጠገቤ አስቀመጥኩ።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ ሳያየኝ።

"ምን እየጻፉ ነው?"

"የታዘዝኩትን። ጥንድ ሰዓት፣ ለንደን።"

"ይጻፉ። ከሥሩ ይጨምሩበታል። የአንዷ ሆድ ሎ ጓን፣ ሰንሰለቷ ፉንግ አኪዩ።"

"ክቡርነታቸው ያላዘዙትን?"

"አትጻፍ ብለዋል? እኔ አልሰማሁም።"

"የሴት ስም በመዝገብ አይገባም። ከፈለግሽ 'የሎ ቤት ምራት' እላለሁ።"

"የሎ ቤት ምራት ሰንሰለት አልሠራችም፤ ፉንግ አኪዩ ናት የሠራችው። ሎ የያዙት መዶሻ ነው።"

"ልጄ" አሉ ሎ ከኋላዬ።

"ቆይ፣ አባባ።" ወደ ዌይ ተጠጋሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አደረግሁ፣ አሽከሮቹ ሳህን እያነሱ ነበርና። "ሃያ ሁለት ዓመት አይተው የናቁትን እጅ ደረትዎ ላይ አንጠልጥለው ነው የኖሩት። እዚህ ላልነበረ ሁሉ እኔ ብነግር ይሻላል ወይስ ይቺ ወረቀት ብትነግር? ይጻፉ። ሎ ጓን። ፉንግ አኪዩ። በሌላ መስመር ደግሞ፣ የመርማሪው ሰዓት ሰንሰለት፣ ቾይ ሲን፣ ሁለት ዓይን ሳላት። ከዚያ መዝገቡን እንዳይዘጉት። እኔ ማንበብ አልችልም፤ እርስዎን ደግሞ አላምንዎትም። ከበሩ ውጭ ለሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ እሱን ይጥሩልኝ፣ ጮክ ብሎ ያንብብልኝ። እስከዚያ ከዚህ አልነሳም።"